አራተኛ ፎቅ በቅናሽ አገኘን፤ እንግዛው?

«ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችንን ቤት ልንገዛ ነው። ሊፍት በሌለው አንድ የጋራ መኖሪያ ህንፃ ውስጥ ሁለት ባለ ሁለት መኝታ ቤቶች አግኝተናል። ስፋታቸው እኩል ነው፤ የክፍሎቹ አሠራርም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌላው አራተኛ ላይ ነው፤ ከእሱ በላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። የአራተኛው ዋጋ ከአንደኛው በ15 በመቶ ያንሳል። ባለቤቴ «ይሄማ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ በተረፈው እናድሰዋለን፤ ብርሃኑና አየሩስ ቢሆን?» ይላል። ደላላው ደግሞ በቅርቡ ሊፍት ይገባለታል ብሎናል። የኔ ልብ ግን አልረጋም። የሁለት ዓመት ልጅ አለችን፣ አሁንም ነፍሰ ጡር ነኝ። ስወልድ አብራን የምትቀመጠው እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከሰባት ወይም ስምንት ዓመት በኋላ ሸጠን ሰፋ ወዳለ ቤት መዛወር እናስባለን። 15 በመቶ ተገቢ ቅናሽ ነው? ስንሸጥስ አንከስርም? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

ልቤ ያልረጋው»

እህቴ፣ ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። መልሴን ከፊት ላስቀድመው። እንደ እናንተ ላለ ቤተሰብ፣ በዚህ ዋጋ፣ እኔ አንደኛውን ፎቅ እመርጣለሁ። አራተኛው መጥፎ ቤት ነው ማለቴ አይደለም። ለሌላ ሰው ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽ ያየው ነገርም እውነት አለው። «የተገኘ ገንዘብ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ያንን 15 በመቶ እንደ ብድር ብታዩት ይሻላል። ዛሬ ተቀበላችሁት፤ ቤቱን በምትሸጡበት ቀን ለሚቀጥለው ገዢ ትመልሱታላችሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሊፍት በሌለበት ህንፃ የፎቅ ዋጋን በዋናነት የሚወስነው እዚያ ድረስ ለመውጣት ፈቃደኛ የሆነው ገዢ ብዛት ነው። ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ገዢው እየተንጠባጠበ ይቀራል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱት ገና ከምድር ቤት አያልፉም። ቀጥሎ አረጋውያንና ልብ ወይም ጉልበት የሚያማቸው ይቀራሉ። ከዚያ ሕፃን የታቀፉ፣ ወላጅ የሚጦሩ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተከትሎ የሚመጣው በአብዛኛው ወጣት ነው፤ ላጤ ወይም ገና የተጋባ። የወጣት ኪስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ገዢው በቁጥርም ያንሳል፣ በአቅምም ያንሳል። ዋጋውን የሚጎትተው ይሄ ነው።

ደረጃውን በቁጥር እንየው። በተለመደ አሠራር ከወለል እስከ ወለል ሦስት ሜትር ያህል ነው። ለእግር የሚመች የአንድ ደረጃ ቁመት ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ለአንድ ፎቅ 17 ወይም 18 ደረጃ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ 12 ሜትር ሽቅብ ነው፤ ወደ 70 ደረጃ። በቀን ሁለት ጊዜ ወጥቶ መግባት ማለት 140 ወደ ላይ፣ 140 ወደ ታች ነው። በር ላይ ደርሰሽ ቁልፍ ወይም የልጅ ጡጦ መርሳትሽ ትዝ ካለሽ ሌላ 140 ትጨምሪያለሽ። አንደኛ ፎቅ ላይ ያው ስህተት 35 ደረጃ ነው።

አንዳንድ ደላሎች «በየፎቁ ይህን ያህል በመቶ ቀንሱ» የሚል ቀመር ይሰጣሉ። አትመኚው። ድካሙ በየፎቁ እኩል አይጨምርም፤ ዋጋውም እኩል አይወርድም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትወጪ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ኢምንት ነው። እንዲያውም ከመንገድ ጫጫታ ስለሚርቅ ሁለተኛው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሦስተኛ ላይ ሰው ማሰብ ይጀምራል። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ፎቅ ከበፊቱ ይበልጥ ይከብዳል።

የሰው ልጅ ይህን ሒሳብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በጥንቷ ሮም ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ህንፃዎች ነበሩ። አቅም ያለው ታች ይከራያል፤ ድሃው ወደ ላይ ይወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥም መልኩ ተመሳሳይ ነበር። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ ያለው ወለል የባለጸጋ መኖሪያ፣ ጣሪያ ሥር ደግሞ የቤት ሠራተኞች ጠባብ ክፍሎች። ነገሩን የገለበጠው ሊፍት ነው። ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ በ1854 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ላይ ገመዱ ቢቆረጥ እንኳ የማይወድቅ ሊፍት ለሕዝብ አሳየ። በ1857 እ.ኤ.አ. እዚያው ከተማ ባለ አምስት ፎቅ የሱቅ ህንፃ ውስጥ የመጀመሪያው የሰው ሊፍት ሥራ ጀመረ። ዘመናት ሲያልፉ ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ከሁሉም ውድ ሆነ።

ይህን ያነሳሁት ለባለቤትሽ ብዬ ነው። ከፍታ በራሱ ዋጋ አለው። ብርሃን አለ፣ ነፋስ አለ፣ አቧራና ጫጫታ ይቀንሳል፣ ከላይ ወንበር የሚጎትት ጎረቤት የለም። ዋጋውን የሚበላው ደረጃው ነው። እሱ የወደደው ነገር እውነተኛ ነው፤ ጥያቄው ለመድረስ የሚከፈለውን ማን ይከፍለዋል የሚለው ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ከሁሉም በላይ የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ልጅ አዝለሽ፣ ሆድሽ ገፍቶ።

አሁን ወደ ቅናሹ እንምጣ። የእናንተ አራተኛ ፎቅ ሁለት ሸክም አለበት፤ ደረጃው አንድ፣ ጣሪያው ሁለት። ገዢዎች ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው ዋጋ የሚያወርዱት። በሶቪየት ዘመን፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ሊፍት የሌላቸው ባለ አምስት ወለል የመኖሪያ ህንፃዎች በገፍ ተሠርተዋል። በሩሲያ የቤት ፈላጊ ማስታወቂያ ላይ «ምድር ቤትና የመጨረሻ ፎቅ አታቅርቡልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እስካሁን የተለመደ ነው። ታችኛውን ለራሱ ምክንያት ይሸሹታል፤ ላይኛውን ለሌላ። ስለዚህ በመጀመሪያ ጠይቂ፦ እዚያው ህንፃ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ በስንት ተሸጠ? ሦስተኛው ከአንደኛው በአምስትና ስድስት በመቶ ብቻ የሚያንስ ከሆነ፣ ከቀሪው ቅናሽ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የጣሪያው ነው ማለት ነው። ያኔ ጣሪያው ጤነኛ መሆኑን ሳታዩ አንድ እርምጃ አትራመዱ።

ጣሪያ ሥር ያለ ቤት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ኮንክሪት ወይም ቆርቆሮ አናቱ ላይ ተሸክሞ ይውላል። ሌሎቹ ፎቆች ይህ የለባቸውም። ሙቀቱ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ሌሊትም ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ቤቱን ጠዋት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ ካለ፣ ወይም አንድ ጥግ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ያንጠባጥብ ነበር ብለሽ ጠርጥሪ። የሚቻል ከሆነ ዝናብ ከዘነበ በኋላ በነጋታው ሂዱ። ጣሪያው ብዙውን ጊዜ የጋራ ንብረት ነው፤ ጥገናውም የሁሉም ነዋሪ ወጪ ነው። በወረቀት እንዲህ ቢሆንም ታች ያለው ጎረቤት የማይንጠባጠብበትን ጣሪያ ለማሠራት አይቸኩልም። የህንፃውን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። የመጨረሻው የጣሪያ ጥገና መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደከፈለም ጠይቁ።

ውሃውንም እዩ። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ያጣል። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ከታች ከነበረው 1.2 ባር ያህል ቀንሷል። ከመስመሩ የሚመጣው ግፊት ደካማ ከሆነ ላይኛው ቤት ጠብ የማይልበት ሰዓት ይኖራል። «ጣሪያ ላይ ታንከር አለን» ቢሉሽም አይገላግልሽም። ከታንከር ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ታንከሩ ሥር ያለው ቤት ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ትንሽ ስለሆነ የመጨረሻውን ደካማ ግፊት ያገኛል። ሁሉም ሰው በሚታጠብበት የማለዳ ሰዓት ሄዳችሁ ሻወሩን ከፍታችሁ እዩት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አንደኛ ፎቅ ደግሞ ከጉድለት የጸዳ እንዳይመስልሽ። ምድር ቤት ብዙ የሚሸሽበት ምክንያት አለው። እርጥበት ከመሬት ይስባል፣ አላፊ አግዳሚው በመስኮት ያያል፣ ለሌባ ይቀርባል። አንደኛው ከእነዚህ ብዙውን ያመልጣል። እንደኔ ሊፍት በሌለበት ህንፃ ጥሩዎቹ ወለሎች አንደኛና ሁለተኛ ናቸው። ነገር ግን ከሥሩ ምን እንዳለ እዩ። ጄኔሬተር፣ ብየዳ ቤት ወይም ሙዚቃ የሚያስጮህ ሱቅ ካለ የደረጃውን ጥቅም ይበላዋል። ፊት ለፊት ሌላ ህንፃ ወይም ዛፍ ካለ መብራት ሳታበሩ ቀን ላይ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ በሉ።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ፍሳሽ ነው። የአንድ ህንፃ መጸዳጃዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው በአንድ ቋሚ ቱቦ ይወርዳሉ። ቱቦው ታች ላይ ሲደፈን ቆሻሻው የሚገነፍለው ከሁሉም በታች ባለው መጸዳጃ በኩል ነው። የእናንተ ህንፃ ምድር ቤት የራሱ መስመር ካለው፣ በዚያ ቱቦ ላይ የመጨረሻው ታች አንደኛ ፎቅ ይሆናል። ይህን ሻጩን ብቻ አትጠይቁ። ሌላ የአንደኛ ፎቅ ነዋሪ በር አንኳኩታችሁ ጠይቁ። ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ በደስታ ይናገራል።

15 በመቶው ተገቢ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ከሩቅ ሆኜ ቁጥር ብሰጥሽ እዋሻለሁ። ቁጥሩ ያለው እዚያው ህንፃ ውስጥ ነው። የተጠየቀ ዋጋ አይጠቅምሽም፤ የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጊ። ባለፉት አንድ ሁለት ዓመታት ከዚያ ህንፃ ወይም በቅርበት ካሉ ተመሳሳይ ህንፃዎች የተሸጡትን ሰብስቢ። እያንዳንዱን ለካሬ ሜትር አካፍይ። ከጎኑ ፎቁን ጻፊ። ሌላም ዓምድ ጨምሪ፦ ገበያ ላይ ከወጣ በኋላ ስንት ጊዜ ፈጀ? ይህ ከዋጋው እኩል ይናገራል። በስድስት ወር ጎትጉቶ የተሸጠ አራተኛ ፎቅና በሦስት ሳምንት የተሸጠ አንደኛ ፎቅ የዋጋ ልዩነታቸው ወረቀት ላይ ካለው ይበልጣል። ፎቅ ሲጠሩም አረጋግጪ። አንዱ ምድር ቤቱን «አንደኛ» ብሎ ይቆጥራል፤ ሌላው ከምድር ቤት በላይ ያለውን። ሳታጣሩ ካወዳደራችሁ ጠቅላላው ሒሳብ ይዛባል።

ቅናሹ ጥሩ የሚሆንለት ሰው አለ፤ ለማከራየት የሚገዛ። አንደኛው ፎቅ 100 ቢሆን አራተኛው 85 ነው እንበል። አንደኛው በዓመት 6 ይከራያል። አራተኛው ደግሞ 5.4 ይከራይ። ተከራይ ብዙ ጊዜ ወጣት ስለሆነና ለዘለቄታው ስለማያስብ፣ ኪራይ እንደ መሸጫ ዋጋ በኃይል አይወርድም። አንደኛው ካወጣሽበት 6 በመቶ ያስገባል፤ አራተኛው 6.35 በመቶ። ጣሪያው ካልፈሰሰ ላይኛው ይሻላል። ባለቤትሽ አከራይ ቢሆን ኖሮ ከእሱ ጋር እቆም ነበር።

እናንተ ግን ልትኖሩበት ነው፤ ከዚያም ሸጣችሁ ልትዛወሩ። የምትፈሩትን ነገር ለይተን እንየው። በመቶኛው ካሰላሽው አትከስሩም። በ85 ገዝታችሁ፣ በሰባት ስምንት ዓመት ውስጥ የሁሉም ቤት ዋጋ በግማሽ ቢጨምር፣ የእናንተ 127.5 ይሆናል። የአንደኛው ፎቅ ደግሞ 150። ሁለቱም በግማሽ ጨምረዋል። ነገር ግን በመካከላቸው የነበረው 15 ወደ 22.5 አድጓል። እናንተ ደግሞ ያኔ ልጆች ይዛችሁ፣ እናትሽም አርጅተው፣ የምትፈልጉት ሰፋ ያለና ወደ ታች የቀረበ ቤት ነው። ያንን ክፍተት የምትሞሉት በዛሬው ዋጋ አይደለም፤ በዚያን ጊዜው ነው። ዛሬ የተረፈው 15 ቤቱ ባደገበት ፍጥነት የሚያድግ ነገር ላይ ከዋለ ችግር የለም። የቀለምና የቁም ሣጥን መግዣ ከሆነ ግን ቀለጠ።

ሌላም አለ። ቤት ፈላጊ ሲበዛ ሰው ያገኘውን ፎቅ ይገዛል፤ ልዩነቱ ይጠባል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ገዢ አማርጦ ነው የሚገዛው። ያኔ መጀመሪያ የሚተወው የላይኛውን ነው። አሁን ገበያው የሞቀ ከሆነ 15 በመቶ ጠባብ ጊዜ ላይ የታየ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስትሸጡ 20 ቢሆንስ? በዚህ ምክንያት ነው «በዚህ ዋጋ አትግዙት» ያልኩሽ።

የሊፍቱን ነገር ልንገርሽ። ተስፋ አትግዢ። ነባር ህንፃ ላይ ሊፍት መጨመር ይቻላል፤ ብዙ ቦታ ተደርጓል። በሲንጋፖር የመንግሥት መኖሪያ ህንፃዎች ላይ ሊፍቱ በተወሰኑ ፎቆች ብቻ ይቆም ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በየፎቁ እንዲቆም የማድረግ ሰፊ ሥራ ተጀመረ። እዚያ ግን መንግሥት አብዛኛውን ወጪ ሸፍኗል፤ ከነዋሪውም 75 በመቶው በድምፅ መስማማት ነበረበት። በቻይና ከተሞች ደግሞ ባረጁ ስድስትና ሰባት ፎቅ ህንፃዎች ላይ ከውጭ በኩል ሊፍት መግጠም ተስፋፍቷል። እዚያ ከባዱ ነገር ጎረቤትን ማስማማት ሆኖ ተገኝቷል። ታች ያሉት ይቃወማሉ። ብርሃን ይጋርደናል፣ ይጮህብናል ይላሉ። በሆዳቸው ደግሞ ላይኛው ቤት ሲወደድ የእኛ ብልጫ ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። ለዚህም ነው ብዙ ቦታ ወጪው በፎቅ ደረጃ የሚከፋፈለው፤ ላይኛው ብዙ፣ ታችኛው ጥቂት ወይም ምንም።

ስለዚህ ደላላውን ትተሽ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ጠይቂ። የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አለ? ገንዘብ መሰብሰብ ተጀምሯል? የት ላይ ይተከላል? የት የት ይቆማል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰልሽ። ከውጭ የሚገጠሙ ብዙ ሊፍቶች የሚቆሙት በሁለት ፎቅ መካከል ባለው የደረጃ ማረፊያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ቤት ግማሽ ፎቅ በእግር ይወጣል ወይም ይወረዳል። ለወጣት ምንም አይደለም፤ ለእናትሽ ግን ነው። ወረቀት ከሌለ ሊፍቱን ከሒሳብሽ አውጪው። ወረቀት ካለና ገንዘቡ ከተሰበሰበ ግን ምክሬ ይለወጣል። ያኔ ከሁሉም በላይ የሚያተርፈው አራተኛው ነው፤ ባለቤትሽም ልክ ይሆናል። የናንተ መዋጮ ስንት እንደሆነ ብቻ ከቅናሹ ላይ ቀንሱ።

ስለ እናትሽ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጉልበት ለሚያመው ሰው ሰዎች መውጣቱን ብቻ ያስባሉ። መውረዱ ይበልጥ ያማል። ክብደቱን ሁሉ በታጠፈ ጉልበት ይዞ ማውረድ ስለሆነ መገጣጠሚያውን ያስጨንቃል። ስለዚህ እንደምንም አራተኛ ፎቅ የደረሱ እናት ከዚያ በኋላ ለመውረድ ይፈራሉ። ፀሐይ መሞቅ ይቀራል፣ ጎረቤት መጠየቅ ይቀራል። ሳይታሰብ ሰው ቤት ውስጥ ይታሰራል። አንቺም ከወሊድ በኋላ፣ በተለይ በቀዶ ጥገና ከወለድሽ፣ ለሳምንታት ከባድ ነገር አታንሺ ትባያለሽ። በዚያ ሰዓት የሁለት ዓመቷ ልጅ 70ኛው ደረጃ ሳይደርስ እቀፉኝ ማለቷ አይቀርም።

ባለቤትሽን በክርክር አታሸንፊውም፤ በደረጃው አሳዪው። ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄዱ የወር አስቤዛ የሚያህል ዕቃ በአንድ እጁ፣ ልጅቷን በሌላ እጁ ይያዝና ይውጣ። ከዚያ ወርዶ አንዴ ይድገመው። እግረ መንገዳችሁን መወጣጫውን እዩት። የእጅ መደገፊያው ጠንካራ ነው? ማታ መብራት አለው? የደረጃዎቹ ቁመት እኩል ነው ወይስ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል? ታማሚ የተኛበት ቃሬዛ በመታጠፊያው ላይ ይዞራል? ጨለማና ወጣ ገባ ደረጃ አራተኛን አምስተኛ ያደርገዋል፤ ገዢም ይህን በእግሩ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ታይቶ እሱ አሁንም አራተኛውን ካለ፣ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። በሰበሰብሽው ዝርዝር ላይ የላይኛው ፎቅ ልዩነት ከ15 በልጦ ከተገኘ ወረቀቱን ይዛችሁ ሻጩ ፊት ተቀመጡ። የጣሪያ ጥገና የሚያስፈልግ ከሆነ ዋጋው ላይ ይቀነስ፤ «በኋላ እናሠራለን» የሚል የቃል ተስፋ አትቀበሉ። አንደኛውን ከመረጣችሁ ደግሞ ሻጩ 100 ያለው 100 ነው ማለት አይደለም። ከላይ ያለው ቤት 85 መባሉን እሱም ያውቃል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚሸጥ እንዳለም ጠይቁ፤ ምናልባት በመካከል ዋጋ ብርሃኑንም ጉልበቱንም የሚያስታርቅ ቤት እዚያው ይኖራል። እስከዚያው ግን የፍሳሹንና የጣሪያውን ነገር ሳታጣሩ ለማንኛውም ቀብድ እንዳትከፍሉ።